በሞተሩ ሆድ ውስጥ የተገኘው አፈር

ሸዕባን ዝርክርክ መካኒክ ነበር የሚል ሰው ዛሬም ላሊበላ ገበያ ውስጥ አይጠፋም። የሚያወራው ሽማግሌ ነው፣ ከዘራ ይዟል፣ በሰው ፊት ባይቆጡት ደግ ነበር፤ እኔ ግን እቆጣዋለሁ። የማታውቀውን አታውራ፣ አፍህን ያዝ እለዋለሁ። ሰዉም ዛሬ ደግሞ ይማርሽን ምን ነካት ይባባላል። ምን ይነካኛል? አሥራ ሦስት ዓመት ዝም ያልኩት አንሶ፣ አሁን ደግሞ አርጅቼም ዝም ልበል?

እንግዲህ ስሙኝ። ሸዕባን የመርሳ ሰው ነበር። አባቱ በግመል ጨው የሚያመላልስ ነጋዴ ነው፤ እሱ ግን ግመል አልወደደም። ገና ጢም ሳያበቅል ደሴ ሄዶ አንድ ጣሊያን ጋራዥ ገባ። ስድስት ዓመት ሙሉ ብሎን ብቻ አጠብኩ ይል ነበር። ለዚህ ይሆናል ንጽሕና ላይ ወፈፍ የሚያደርገው። ሞተር ሊከፍት ሲል መጀመሪያ ነጭ አቡጀዴ መሬት ላይ ያነጥፋል። የፈታውን ብረት ሁሉ በናፍታ ሁለት ሁለት ጊዜ አጥቦ በተራ በተራ ይደረድራል። ነፋስ ከተነሣ ሁሉን ሸፍኖ ይቀመጣል፤ ቢለምኑት አይነሣም። አንድ ጊዜ ባሌ ደርበው በቆሸሸ እጁ አንዲት ቀለበት ቢነካበት፣ "ታቦት በእንዲህ ያለ እጅ ይነካል?" አለው። ደርበው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። እስላሙ ክርስቲያኑን ስለ ታቦት ሲገሥጽ መቼ አይቶ ያውቃል!

የሞተር ሕመም ሲፈልግ ደግሞ የአንዲት በትር አንዱን ጫፍ ከሞተሩ፣ ሌላውን ከጆሮው ላይ አስደግፎ ዓይኑን ይጨፍናል። ያን ጊዜ የሚያወራ ሰው ካለ ወዮለት። ግልፍተኛ ነበር፣ ሽሮ ሲወፍርበት ያጉረመርማል፣ ልጆቹን ሲያነሣ ግን ድምፁ ይለሰልሳል። ሁለት ሴት ልጆች ነበሩት።

የእኛ አገሩ ሞተር የትራክተር ነው፤ ትራክተሩም የአገሩ ባላባት ነበር። ለላስታ ገደል ትራክተር መግዛት ምን የሚሉት እብደት እንደሆነ እንጃ! በሬ እንኳ ተንበርክኮ የሚያርሰውን ማሳ ሊያርስበት አስቦ አመጣው፤ ገና በመጀመሪያው ክረምት ተገልብጦ ነጂው ከሞት ለጥቂት ተረፈ። ከዚያ ጎማውን አወለቀና ድንጋይ ላይ ተከለው፤ በሰፊ የጎማ ቀበቶ፣ በቺንጋ፣ ከወፍጮ ጋር አገናኘው። የመሬት አዋጁ ሲመጣ ባላባቱ ሄደ፣ ትራክተሩ የገበሬ ማኅበሩ ሆነ። ደርበው ነጂ ተባለ፤ የማይሄድ ትራክተር ነጂ። እኔ እህል መዛኝ ሆንኩ። ሸዕባን በየዓመቱ ጥቅምት ላይ በቅሎ ጭኖ እየመጣ ሞተሩን ይከፍታል፣ ያጥባል፣ ይገጥማል፣ ይመለሳል።

ያ ዓመት 1970 ነበር። በዚያ ዓመት ሰው ከጎረቤቱ ጋር ሲያወራ አጥር አጥሩን ያይ ነበር። ከላይ የተላከልን ካድሬ ጓድ ሙሉሃብት ይባላል፤ ድሮ አስተማሪ ነበር አሉ። ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። ሲያናግርህ ስምህን ደጋግሞ ይጠራል፣ ይኸው ነው። እኔ የሚጮህ ሰው አልፈራም፤ እሱን ግን ስፈራው ኖሬያለሁ።

መጀመሪያ የወሰዱት የመጋዘን ጠባቂውን ገብረመስቀልን ነው። የማኅበሩ እህል ነቀዘ። እህል ደግሞ ይነቅዛል፤ አያት ቅድመ አያቶቻችን እህላቸው ሲነቅዝባቸው ነው የኖሩት። ጓድ ሙሉሃብት ግን ነቀዙን ማን አስገባው ብሎ ጠየቀ። አሻጥር የሚለውን ቃል ያን ቀን ነው የለመድነው። ገብረመስቀልን ሐሙስ ዕለት ወሰዱት፤ ቅዳሜ ዕለት ጋቢውን አጣጥፈው ለሚስቱ አመጡላት። ለቅሶ መቀመጥ ተከለከለች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ፤ ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ሰው በእጁ የያዘው ነገር እንዳይበላሽ ሲንቀጠቀጥ ይውላል።

እንግዲህ በዚህ መሐል፣ ጥር ሲጋመስ፣ ሞተሩ ማንኳኳት ጀመረ። ከሆዱ ውስጥ ኳ፣ ኳ ይላል። ደርበው ሰምቶ ጓድ ሙሉሃብት ዘንድ ሮጠ። ወፍጮው ቆሞ ሸዕባን እስኪመጣ ይጠበቅ ብሎ ጠየቀ። ጓድ ሙሉሃብትም ወፍጮው ከቆመ ምክንያቱን አንተ ነህ የምትጽፈው፣ ደርበው፣ አለው። ደርበው መጻፍ አይችልም። ተመልሶ ሞተሩን አስነሣ። ቤት ሲገባ እንጀራ አይቆርስም፣ ግድግዳውን እያየ ጣቱን ያንኳኳል። ያ ድምፅ ቤታችን ድረስ ተከትሎት መጣ።

አሁን የምነግራችሁን ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። እኛ ላም ስትታመም ጸበል እናጠጣለን፣ እምነት እንቀባለን። የዘር እህል ላይ እንረጫለን። ልጅ ሲያቃስት፣ ጎተራ ሲጎድል፣ ሁሉም እንዲሁ ነው። እኔም ሞተሩ ሲያቃስት ሰማሁት፤ ከላም በምን ይለያል? ቅዳሜ በእግሬ ነአኩቶ ለአብ፣ ዋሻው ቤተ ክርስቲያን፣ ወረድኩ። ከዋሻው ጣሪያ ጠብ ጠብ የሚለውን ጸበል በቅል ተቀበልኩ፤ ከካህኑም እምነት ለመንኩ፣ ያን የተቀደሰውን አፈር፣ በጨርቅ ቋጠሩልኝ። ለማን ነው ብለው ቢጠይቁኝ ለታመመ ቤተሰብ ነው አልኩ። እሑድ ደርበው ቤተ ክርስቲያን ሳለ ወፍጮ ቤቱን ከፈትኩ። እምነቱን በጸበሉ በጠበጥኩት፣ አንድ ኩባያ ሆነ። ደርበው ዘይት የሚሞላበትን ክዳን አውቀዋለሁ፤ ከፍቼ በስመ አብ ብዬ ጨመርኩት። ክዳኑን ዘግቼ ብረቱን ሦስት ጊዜ ተሳለምኩ። እንዲያ ያለ ደስታ ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም።

ረቡዕ ዕለት፣ የአንዲት አሮጊት ገብስ እየተፈጨ ሳለ፣ ሞተሩ ጓ! አለና ቀጥ አለ። ቺንጋው ተወርውሮ ግድግዳውን መታው። ደርበው መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ሊነሣም አልሞከረም። ጓድ ሙሉሃብት መጥቶ የአብዮት ጥበቃዎቹን ዘይቱን አፍስሱት አላቸው። ከዘይቱ ጋር ግራጫ ጭቃ ወረደ። ጎንበስ አለ፣ ቆንጥሮ በጣቶቹ አሸት አሸት አደረገው፣ ወረቀት ላይ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

"አፈር በእግሩ ሄዶ ዘይት ውስጥ አይገባም፣ ደርበው" አለ።

አበስኩ ገበርኩ! ካህኑ የቋጠሩልኝ አፈር ነው። ከባሌ ጋር ዓይን ለዓይን ተገናኘን፤ እሱ ምንም አያውቅም፣ እኔ ሁሉን አውቃለሁ። ጮኬ እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። አልጮኽኩም። ደርበውን የፊጥኝ አስረው የባላባቱ የድሮ ጎተራ ውስጥ ቆለፉበት። ነገሩ በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ፣ በገበያ ቀን፣ በሕዝብ ፊት ይወሰናል ተባለ። አፈሩን ሆነ ብሎ የጨመረው እጅ የደርበው ነው ከተባለ፣ ጋቢው ተጣጥፎ እንደሚመጣልኝ ማንም ሳይነግረኝ አውቄዋለሁ።

ሸዕባን ተልኮበት በአምስተኛው ቀን፣ ሰኞ፣ ደረሰ። አቡጀዴውን አነጠፈ፣ ፈታ። የሞተሩን ወገብ አወጣው፤ ክራንክ ሻፍት ይሉታል፣ መካኒኮቹ በቋንቋቸው ኮሎ ይሉታል፤ ቦታ ቦታው ላይ የጎበጠ ከባድ ብረት ነው። እሱን አቅፎ የሚያሽከረክረው ለስላሳው ብረት፣ ብሮንዚኑ፣ ቀልጦ እንደ ሰም ተጣብቋል። የኮሎው አንደኛው አንገት ድመት የቧጨረችው ይመስላል። ሸዕባን ደሴ ቶርኖ ቤት ወስጄ በማሽን ላስሞርደው ብሎ ጠየቀ። ጓድ ሙሉሃብት ማስረጃ ከዚህ አይወጣም፣ ሸዕባን፣ እዚሁ ትሠራዋለህ፣ ለቅዳሜ ትደርሳለህ አለው። ወረቀቱንም ከኪሱ አውጥቶ አፈሩን አሳየው። ሸዕባን ጠጋ ብሎ አየው፣ ወደ ኮሎው ተመለሰ።

ያለ ቶርኖ ኮሎ ማለስለስ እንዴት ያለ ፍዳ ነው መሰላችሁ። ኮሎውን ሁለት ግንድ ላይ ያጋድሙታል። አንገቱን በሸካራ የብረት መፋቂያ ጨርቅ ይጠቀልሉና በላዩ ላይ የጠፍር ገመድ አንድ ጊዜ ያዞሩበታል። ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ ያንን ገመድ እያፈራረቀ ይስበዋል፤ አንዱ ሲስብ አንዱ ይለቃል። ጥቂት ከተሳበ በኋላ ኮሎውን ትንሽ ያዞሩታል፣ እንደገና ይስባሉ፣ አንዱ ጎን እንዳይበላ። በየመሐሉ ሸዕባን በክር ይለካል። ጥበቃዎቹ ግማሽ ቀን ስበው እጃቸው ሲላጥ ሰለቻቸውና ጥላ ሥር ተጋደሙ። ወፍጮ ቤቱን ስጠርግ ሸዕባን አየኝና ነይ ያዢ አለኝ። ሦስት ቀን ከሸዕባን ጋር ፊት ለፊት ተቀምጬ ያንን ገመድ ሳብኩ።

በሁለተኛው ቀን፣ ጥበቃዎቹ ዶሴ ሊያደርሱ ሄደው አንዱ ብቻ ቀርቶ ሲያንኮራፋ፣ ገመዱን ሳያቆም፣ ቀስ ብሎ ተናገረኝ።

"ይህ አፈር ወንዝ ዳር የሚገኝ አፈር አይደለም፣ እህቴ። የደቀቀ ነው፣ የተነፋ ነው። እናቴም ከዚሁ አገር ታመጣ ነበር። የእኛም ሰው ይወስዳል።"

ገመዱ ከእጄ ወደቀ። አንሺው፣ ሳቢ አለኝ። አነሣሁት። እየሳብኩ፣ እንባዬ እየወረደ፣ ሁሉን ነገርኩት። ጋሼ፣ ገዳዩ እኔ ነኝ፣ ቅዳሜ ተነሥቼ እናገራለሁ አልኩት። እሱም እንዳልጮኽ በዓይኑ ገሠጸኝ። ብሮንዚኑ ቀድሞም አልቆ ነበር፣ የሚያንኳኳው ለዚያ ነው፣ ያንቺ አፈር ግን ጨረሰው አለኝ። አልዋሸኝም፤ ለዚህም እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

"ብትናገሪ ባልሽን አይፈቱልሽም" አለ። "እሱ ነው የላካት ይላሉ። ሁለታችሁንም ነው የሚወስዷችሁ። ዝም በይ።"

"እሺ ምን ይሻላል፣ ጋሼ?"

"ሳቢ" አለኝ፤ ሌላ አልመለሰልኝም።

እኔ ሞኟ የሚያስበው ስለ ኮሎው ነው ብዬ ነበር። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከሣጥኑ ውስጥ የሌላ ሞተር አሮጌ ብሮንዚን አወጣ፤ ልኩን እስኪይዝ በቢላ ጫፍ ሲፍቀው ዋለ። ኮሎውን ቀለም ይቀባል፣ ብሮንዚኑን ይገጥማል፣ ያወጣዋል፣ ቀለሙ የነካበትን ብቻ ይፍቃል። ሁሉን ሁለት ጊዜ አጠበ። ሲጨርስ ለብቻው ተቀምጦ እጁን አየው፣ ገለባብጦ አየው። ከዚያ ተጣጥቦ ሰገደ።

ቅዳሜ ገበያው ወደ ወፍጮ ቤቱ ግቢ ተነዳ። ሽንኩርት የያዘ ከነሽንኩርቱ፣ ዶሮ የያዘ ከነዶሮው። ደርበውን አወጡት፤ በዐሥር ቀን ሰውነቱ አልቆ ጎልማሳው ሽማግሌ ሆኗል። ጓድ ሙሉሃብት ወረቀቱን ፈታና አፈሩን መዳፉ ላይ አድርጎ ለሕዝቡ አሳየ። ድምፁን ከፍ ስለማያደርግ ሰዉ ለመስማት ትንፋሹን ዋጠ። ይህን ያደረገው እጅ ሕዝቡን ሊያስርብ የፈለገ እጅ ነው፣ መካኒኩ ይመስክር አለ። አሁንስ ልናገር ብዬ አንድ እግሬን አነሣሁ። ሸዕባን አየኝ። ቆጣ ብሎ ነው ያየኝ፣ ያን ሞተር ሲያዳምጥ በሚያወራ ሰው ላይ እንደሚቆጣው።

"አፈሩ የእኔ ነው" አለ።

ደርበው ቀና አለ።

"በጥቅምት ስከፍተው ነፋስ ነበር። ስለቸኮልኩ ሳላጥበው ገጠምኩት። ነጂው አያውቅም። ጥፋቱ የእኔ እጅ ነው።"

ነፋስ! ሸዕባን በነፋስ ሞተር ሲከፍት! ጥቅምት ላይ ነፋስ አይቶ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያንቀላፋ እንደዋለ ደርበውም እኔም አይተናል። ደርበው ግን በዚያ ሰዓት የሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ነጂው አያውቅም የሚለውን። ጓድ ሙሉሃብት ሸዕባንን ብዙ ጊዜ አየው። ያመነው አይመስለኝም። አስተማሪ አልነበር? ተማሪ ሲዋሽ ያውቃል።

"በስህተት ነው የምትለው፣ ሸዕባን?"

"በስህተት ነው።"

"ተጽፎ ትፈርማለህ?"

"እፈርማለሁ።"

ከዚያ ጓድ ሙሉሃብት ደርበውን ፍቱት፣ ሞተሩን ያስነሣ አለ። በኋላ ነው የገባኝ። ወፍጮውን የሚያስነሣ ሰው ከደርበው ሌላ አልነበረም፤ መካኒክ ግን ደሴም ሞልቷል። ሰው ለመቅጣት አንድ ሰው ይበቃዋል፤ የትኛው እንደሆነ ግድ አልነበረውም። ደርበው ዘይቱን አይቶ አስነሣው። ሞተሩ ተነሣ፣ እንደ አዲስ፣ አንዲት ኳ የለበትም። እልል በሉ ተባለ፣ እልል አልን። እኔም እልል አልኩ፣ እግዜር ይይልኝ።

ሸዕባንን በጭነት መኪና ላይ ሲያወጡት በአጠገቤ አለፈ። ደርበው ዘይቱን ከአሥር ቀን በኋላ እንዲቀይር ንገሪው አለኝ። በመጨረሻ የነገረኝ ይኸው ነው። ወልድያ ወስደው አሰሩት፤ ከአሻጥር ወደ ቸልተኝነት ዝቅ አድርገው ሰባት ዓመት ፈረዱበት። በዓመቱ ክረምት እስር ቤት ውስጥ ተስቦ ገብቶ ብዙ ሰው ጨረሰ፤ ሸዕባንም አንዱ ነበር።

አሁን የእኔን ነገር ስሙ። ደርበው ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ያንን ወፍጮ አስነሣ። ጠላ ሲጠጣ ያ ዝርክርክ መካኒክ በጭቃ እጁ ሊያስገድለኝ ነበር እያለ ይራገማል። ሰዉም እየተቀበለ ያወራል፤ ከላሊበላ ኩልመስክ፣ ከኩልመስክ ወልድያ ወሬው ወረደ። የሸዕባን ስም መቀለጃ ሆነ። ቆሻሻ ሥራ ሲያዩ የሸዕባን ሥራ ነው ይላሉ። እኔ በአጠገባቸው ጠላ እቀዳለሁ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም አይደል የሚባለው፤ እኔም ይህችን ይዤ ተጽናናሁ። መጀመሪያ ካድሬውን ፈራሁ። ካድሬው ተቀይሮ ሲሄድ ደርበውን ፈራሁ። ደርበው በ1981 ሳያውቅ ሞተ፤ ከዚያም በኋላ ፍርሃቱ ራሱ ልማድ ሆነብኝ።

መንግሥቱ እንደወደቀ፣ በ1983 ሰኔ፣ መርሳ ወረድኩ። የሸዕባንን ሚስት እያጠያየቅሁ መንገድ ዳር አገኘኋት። ኸዲጃ ትባላለች። ጆንያ ላይ ሽንኩርት ዘርግታ የበሰበሰውን ትለቅማለች። ተቀመጪ አለችኝ፣ ገዢ መስዬአት ነው። እትዬ ኸዲጃ፣ የመጣሁት ከላስታ ነው ብዬ ጀመርኩ። ሳላቆም ነገርኳት፤ ስለ ጸበሉ፣ ስለ አፈሩ፣ ስለ ገመዱ፣ በሕዝብ ፊት ስለተናገረው። እጇ ሽንኩርቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ትጮኻለች፣ ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትመታኝ በወደድኩ።

"ወልድያ ስንቅ ይዤለት ሄጄ ነበር" አለች፣ ዓይኗን ከሽንኩርቱ ሳትነቅል። "ሰዉ ሁሉ የሚለውን አልኩት። ልጆችህ ሰው ደጅ የሚለምኑት በአንተ ዝርክርክነት ነው አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና፣ እውነትሽን ነው አለኝ። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።"

የበሰበሰ ሽንኩርት አንሥታ ጣለች።

"ለሕዝቡ አትናገሪ፣ ለካድሬው አትናገሪ" አለች። "ለእኔ ብቻ፣ አንድ ቀን፣ በጆሮዬ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?"

እስኪመሽ ድረስ ከጎኗ ተቀምጬ ሽንኩርቱን አብሬያት ለቀምኩ። አላባረረችኝም።